ዴስክቶፕ ላይ ዋይፋይ ካርድ ስትቀይሩ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባለፈው አንድ ልጅ ደወለልኝ። የድሮው ዋይፋዩ ሲያስቸግረው አዲስ ገዝቶ ራሱ ገጥሟል፣ ዊንዶውስም አውቆለታል፣ ሲግናሉ ግን ከአንድ መስመር አያልፍም፣ አንድ ቪዲዮ ለመክፈት ዘመን ይፈጃል። «አሮጌው ይሻል ነበር፣ ተሸውጄ ነው መሰለኝ» አለኝ። አንቴናዎቹን በደንብ አጥብቀሃቸዋል ወይ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «የቶቹን አንቴናዎች?» አለኝ። ካርቶኑ ውስጥ ነበሩ፣ ከነላስቲካቸው።

ይሄ ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይሄንኑ እልክለታለሁ። የሚያናድደኝ ላይ እቆያለሁ፣ ሌላውን ነካ ነካ አድርጌ ነው የማልፈው። ኬዝ እንዴት እንደሚከፈት አልነግራችሁም፣ ብሎን መፍታት ነው።

ካርዱን በቁሙ መቅበር

ኔት ተቆራረጠ ማለት ካርዱ ሞተ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ስልካችሁን ልክ ኮምፒውተሩ ያለበት ቦታ አስቀምጡና በዛው ዋይፋይ ሞክሩት። ስልኩም ከተቆራረጠ ጉዳዩ ከራውተሩ ወይም ከመስመሩ ጋር ነው፣ ካርዱን ለቀቅ አድርጉት። ስልኩ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ ብቻ ካስቸገረ ራውተሩን ፒንግ እያደረጋችሁ (አጭር መልእክት እየላካችሁ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ እያያችሁ) አስር ደቂቃ ያህል ተዉት፣ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይ 192.168.0.1 ነው። ሁለት ሦስት ሚሊሰከንድ እያለ ቆይቶ ድንገት 400፣ 900 እያለ ከዘለለ ወይ ጭራሽ መልስ ካጣ ችግሩ በኮምፒውተሩና በራውተሩ መሀል ነው፣ ከዛ ወዲያ ካለው ኢንተርኔት ጋር አትጣሉ።

ከዛ ዲቫይስ ማኔጀር ግቡ፣ ዊንዶውስ ውስጥ የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበት ቦታ ነው። የካርዱ ስም ላይ ቢጫ ምልክት አለ? ኮድ 10 (መነሳት አልቻለም) ይላል? ከዝርዝሩ እየጠፋ ይመለሳል? ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ታድሶለት፣ ካርዱም አንዴ ተነቅሎ በደንብ ተገጥሞለት አሁንም የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ፣ አዎ፣ እሱ በቃው። ግን ከዛ በፊት እዛው የካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የምትል ታብ አለች፣ ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋው የምትፈቅደዋን ራይት አንሱት። በዚች አንዲት ራይት ብቻ ስንት «የሞተ» ካርድ እንዳስነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ጊዜ ደሞ የአክስቴ ልጅ ካርድ ማታ ማታ ብቻ ይሞት ነበር። ማታ ማታ! ሄጄ ሳየው ማታ ላይ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከኋላ ይሰካና ባክአፕ ያደርጋል፣ ሃርድ ዲስኩ ዩኤስቢ 3 ነው፣ የተሰካው ደሞ አንቴናው ስር ነው። ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያመላልስ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይፈጥራል፣ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽሑፍ አውጥቷል። ሃርድ ዲስኩን ወደ ፊት ለፊት ሶኬት አዞርነው፣ ኮምፒውተሩንም ወደ 5 ጊጋኸርዙ ኔትወርክ ቀየርነው፣ ካርዱ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ድራይቨር ሳያወርዱ አሮጌውን መንቀል

አዲሱ ካርድ ድራይቨር ይፈልጋል፣ ድራይቨሩ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ኢንተርኔቱ የሚገኘው በካርዱ ነው። ገባችሁ አይደል? አሮጌው እየተንገዳገደም ቢሆን ሳይነቀል በፊት የአዲሱን ድራይቨር አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ አብሮ የሚመጣው ሲዲ ላይ አትተማመኑ፣ ሲዲ ማንበቢያ ያለው ኬዝ አሁን የት ይገኛል። ረስታችሁ ከነቀላችሁት ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ አብሩ፣ ስልኩ እንደ ኔትወርክ ካርድ ሆኖ ያገለግላችኋል።

የዋይፋዩን ፓስወርድም ቀድማችሁ ያዙት። ዊንዶውስ ፓስወርድ የሚያስቀምጠው ለየካርዱ ለየብቻ ስለሆነ ካርዱ ሲቀየር እንደ አዲስ ይጠይቃችኋል። ራውተራችሁ ላይ ደሞ በማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ ካርድ መለያ ቁጥር) የተፈቀደላቸው ብቻ እንዲገቡ ያደረገ ሰው ካለ፣ አዲሱ ካርድ ለራውተሩ እንግዳ ነው፣ ፓስወርዱ ልክ ሆኖም በሩን አይከፍትለትም። ሰው እዚህ ጋ ደርሶ ካርዱን ይመልሳል።

ምን እንደሚገባ ሳያዩ መግዛት

ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ዓይነት ነው የሚያጋጥማችሁ። አንዱ ከኋላ ብረት ያለው፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ባለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል ስሎት፣ ማለትም መሰኪያ ላይ የሚቆም ካርድ ነው። ትንሿ ስሎት ትበቃዋለች፣ ትንሿ ከሌለች ረጅሙ ላይም ገብቶ ይሠራል፣ የድሮው ፒሲአይ ስሎት ላይ ግን አይገባም፣ በግድ አትግፉት። ቀጭን ኬዝ ያላችሁ ደሞ አጭሩ ብረት አብሮ መኖሩን እዩ።

ሁለተኛው ኤም ዶት ቱ የሚባለው፣ 22 በ30 ሚሊሜትር የሆነች ትንሽ ካርድ ናት። የምትገባው ኪ ኢ የሚባለው ስሎት ላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚገባበት ኪ ኤም ነው፣ ይመሳሰላሉ፣ ክፍተቱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላለው ኮምፒውተር ኢንቴል ኤኤክስ201 ገዛሁ። ገባ፣ ብሎኑ ተጠበቀ፣ ልክክ አለ። ዊንዶውስ ግን ምንም አላየም። ድራይቨር ቀየርኩ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር) አፕዴት አደረግኩ፣ ሁለት ማታ ሙሉ ለፍቼ መጨረሻ ላይ ዊንዶውሱን ራሱ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ችግሩ ምን ነበር? 201 እና 211 ሲኤንቪአይ የሚባሉ ናቸው፣ ማለትም ካርዱ ላይ ያለው ሬዲዮው ብቻ ነው፣ የቀረው ሥራ ኢንቴል ቺፕሴት (ኮምፒውተሩ ላይ ያለ የኢንቴል ቺፕ) ውስጥ ነው ያለው። ያንን የሚያውቅ የኢንቴል ቺፕሴት ከሌለ ካርዱ ግማሽ አካል ነው። 200 እና 210 ግን ሙሉ ናቸው፣ ኤኤምዲም ላይ ይሠራሉ። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ ቁጥር ናት። ስለዚች አንድ ቁጥር ነው ዊንዶውስ ፎርማት ያደረግኩት።

ስለ ትልልቅ ቁጥሮችም አንድ ነገር። ካርቶኑ ላይ ኤኤክስ3000 ሲባል የፍጥነት ቁጥር ነው፣ 574 እና 2402 ሜጋቢት በሰከንድ ተደምሮ፣ ከዛ ወደ ላይ ተጠጋግቶ ነው። የመጀመሪያው የ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለተኛው የ5 ነው፣ ካርዱ ደሞ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። 6 ጊጋኸርዝ ፈልጋችሁ ዋይፋይ 6ኢ የሚባለውን የገዛችሁ ካላችሁ ደሞ ዊንዶውስ 11 ያስፈልጋችኋል፣ 10 ላይ 6 ጊጋኸርዙን አታዩትም።

አንቴና! አንቴና! አንቴና!

እሺ፣ ወደ ልጁ እንመለስ።

ሰዎች አንቴና ለጌጥ የመጣ ይመስላቸዋል። ካርዱ ያለ አንቴናም ኔትወርኩን ስለሚያሳይ «እየሠራ አይደል እንዴ» ይላሉ። አይሠራም! ራውተሩ እዛው ክፍል ስላለ በቀዳዳ የሚሰማውን ሹክሹክታ እያዳመጠ ነው። በር ዝጉበትና ታዩታላችሁ። ሁለት ቀዳዳ ካለው ሁለቱም ይገጠማሉ፣ አንዱን ብቻ አጥብቆ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ መተው የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሠሩ ነው የተሠራው። በጣት አጥብቁ፣ በፒንሳ አይደለም፣ በፒንሳ ያጠበቀ ሰው ክሩን ጨርሶ መጥቶልኝ ያውቃል።

ያ ልጅ ታዲያ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። «ገጠምኳቸው፣ ያው ነው።» ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ፎቶው ሲመጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? ማዘርቦርዱ የራሱ የድሮ ዋይፋይ ነበረው፣ ያ ነው የተበላሸው፣ ከኋላ ላይ ሁለት ወርቃማ ቀዳዳ አለው። አዲሶቹን አንቴናዎች እነሱ ላይ ነው የገጠማቸው። አዲሱ ካርድ ከታች ራቁቱን ቆሟል። ልስቅም ልቆጣም ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ግን ቀዳዳዎቹ ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ማንም ይሳሳታል፣ ለዛም ነው ዝም ብዬ «ወደ ታች አውርዳቸው» ያልኩት። አወረዳቸው። አራት መስመር።

አንቴናው ከካርዱ ጋር ያልመጣ ከሆነ ደሞ መሀሉን እዩት። ካርዱ ቀዳዳ መሀል መርፌ አለ፣ ስለዚህ አንቴናው መሀል ጉድጓድ መኖር አለበት። ሁለቱም መርፌ ከሆኑ፣ ክሩ ቢገጥምም እያገናኛችሁ አይደለም፣ መርፌ ከመርፌ እያጋጫችሁ ነው።

ቦታውም አንድ ነገር ነው። ከኋላ የቆመ አንቴና በአንድ በኩል የብረት ኬዝ፣ በሌላ በኩል ግድግዳ፣ ከላይ ጠረጴዛ ሲሆንበት ምን ይሰማ? ገመድ ያለውና ከታች ማግኔት ያለው ማራዘሚያ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ አውጡት። ካርድ ለመቀየር ከተዘጋጁት ውስጥ ስንቱ በዚህ ብቻ ይድን ነበር።

ኤም ዶት ቱ ካርድ የምትቀይሩ ደሞ ከነዛ የሩዝ ፍሬ ከሚያክሉ ማገናኛዎች ጋር ነው ሥራችሁ። እዚህ ላይ አልፈርድባችሁም፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ሰብሬያለሁ፣ አጋድሜ ስጫን ካርዱ ላይ ያለው ትንሽ ቀለበት ተነቅሎ ቀረ። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ መሀሉ ላይ መቀመጡን በጣታችሁ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ አረጋግጡ፣ ከዛ ብቻ ወደ ታች ጫን። ቀጭ ይላል። ቀጭ ካላለ አልገባም፣ አትጨምሩበት፣ አንሱና እንደገና። ስትነቅሉም ገመዱን አትጎትቱ፣ ራሱን ማገናኛውን ከስር ፈልቀቅ አድርጉት። እነዚህ ነገሮች ብዙ ለመሰካትና ለመንቀል የተሠሩ አይደሉም፣ ዩኤፍኤል የሚባለው ዓይነት የተሰጠው ግምት 30 ጊዜ ነው፣ ስለዚህ «እስቲ ልሞክር» እያላችሁ አትጫወቱበት። የድሮ ሚኒ ካርድ (ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ) የነበረበት ኮምፒውተር ከሆነ ደሞ የገመዱ ጫፍ ለአዲሷ ካርድ ትልቅ ነው፣ አይገባም፣ ገመዱም አብሮ ይቀየራል።

ሶኬት ሳይነቅሉ እጅ መስደድ

ሻት ዳውን ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፣ ማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት ሁሌም አለ፣ ያቺ የምትበራ ትንሽ መብራት እሱን ነው የምትነግራችሁ። ሶኬቱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ፣ ከዛ ግቡ።

ብሉቱዝ የለውም ብሎ መመለስ

አለው! ከአንቴናው ጋር እዛው ካርቶን ውስጥ አንዲት ቀጭን ገመድ ትታችኋል። ባለ ብረቱ ካርድ ዋይፋዩን በስሎቱ ነው የሚልከው፣ ብሉቱዙን ግን በዩኤስቢ ነው፣ ስለዚህ ያቺን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ባለ 9 መርፌ የዩኤስቢ 2 ማገናኛ ጋር ማገናኘት አለባችሁ። ሰፊው ባለ 19 የዩኤስቢ 3 ነው፣ እሱን ተዉት። ገመዷ አንድ ቀዳዳዋ ድፍን ነው፣ ድፍኑ መርፌ በሌለበት በኩል ይሆናል፣ ሌላ አቅጣጫ አትሞክሩ።

የድሮውን ሳያጠፉ መተው

የተበላሸው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ከሆነ መንቀል ላይመቻችሁ ይችላል፣ ግን ቢያንስ ባዮስ ውስጥ ወይ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስኤብል አድርጉት። አለበለዚያ ዊንዶውስ አንዳንዴ በአሮጌው ይገናኝና «አዲሱም ይቆራረጣል» ትሉኛላችሁ።

ነቅላችሁ ያወጣችሁት ከሆነ ደሞ ያን ቀኑን አትጣሉት። አዲሱ አንድ ሳምንት ሳይቆራረጥ ይሥራ መጀመሪያ። እኔ አንዱን ደህና ካርድ በንዴት ሰብሬ ጥዬው በሦስተኛው ቀን አዲሱም እንደዛው መቆራረጥ ጀመረ። የራውተሩ ቻርጀር ነበር፣ ሲሞቅ ራውተሩን እያጠፋ ያበራው ነበር። ስልኬን ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጬ ልሞክር ብል ኖሮ አስር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።