ዊክሬፍ ሊክ አይደፍንም፦ ስለ ጃቫስክሪፕት ሜሞሪ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ማፑን በዊክማፕ ቀየርኩት፣ ሜሞሪው ግን መጨመሩን አላቆመም።» የጀማሪዎች ሁሉ እሮሮ ይሄ ነው። ሊክ ማለት የማያስፈልግ ኦብጀክት ሳይጠረግ ሜሞሪ ይዞ መቅረቱ ነው፤ ዊክማፕ ቁልፉን፣ ዊክሬፍ ደግሞ የተሰጠውን ኦብጀክት፣ እንዳይጠረግ ሳያግዱ በደካማ ሪፈረንስ ብቻ ይጠቁማሉ። ኮዱን ስከፍተው ያው ኦብጀክት ዊክማፑ ውስጥ ቁልፍ ሆኖ አለ፣ ከላይ ደግሞ «ኦል» በሚባል አሬይ ውስጥ ተደርድሯል! ዊክማፕ ራሱ ቁልፉን አያስቀረውም እንጂ ሌላ የያዘውን አያስለቅቅም። ኮዱ የሚደርስበት አንድ ጠንካራ (ተራ) ሪፈረንስ ከቀረ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማይፈለገውን ከሜሞሪ የሚጠርገው) ንክች አያደርገውም።

ሜክሲኮ አካባቢ የአንድ ድርጅት የመኪና ስምሪት ስክሪን ነበር፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተከፍቶ እስከ ማታ ሪፍሬሽ የማይደረግ። ከምሳ በኋላ መንቀርፈፍ ይጀምራል፤ ኦፕሬተሯ ታቡን ዘግታ እንደገና ትከፍታለች። ልጆቹ የካርዶቹን ዝርዝር በሙሉ በዊክሬፍ ጠቅልለውታል። የክሮም ሂፕ ስናፕሾት (ሜሞሪው ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ቅጂ) አንስተን «ዲታችድ» ብለን ስንፈልግ ከገጹ የወረዱት ካርዶች አንድም ሳይጎድሉ እዚያው ናቸው። ማን እንደያዛቸው የሚያሳየውን «ሪቴይነርስ» ስንከተል ሴትኢንተርቫል (ፈንክሽን በየጊዜው ደጋግሞ የሚያስጠራው) ላይ ደረስን። እያንዳንዱ ካርድ ደቂቃ ቆጣሪ አለው፤ የቆጣሪው ፈንክሽን ካርዱን በክሎዠር (ፈንክሽኑ ከውጭ የሚጠቀምበትን ቫሪያብል ይዞ በመቆየቱ) ይዞታል፤ ካርዱ ሲወርድ ቆጣሪውን የሚያቆመውን ክሊርኢንተርቫል የጠራ ግን የለም። አንድ መስመር ጨመርን፣ ዊክሬፉን ሁሉ አጠፋን፣ አለቀ። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ማን እንደያዘው እዩ!

ሊስነርም (ክሊክን የመሰለ ክስተት ሲመጣ የሚጠራው ፈንክሽን) እንዲሁ። በተን ላይ ያለው ከበተኑ ጋር ይሄዳል፤ ዊንዶው ላይ የሰቀላችሁትን ግን ራሳችሁ አውርዱ። ለሊስነሮቹ ሁሉ የአንድ አቦርትኮንትሮለር (የማቋረጫ ምልክት የሚልክ ኦብጀክት) ሲግናል ከሰጣችሁ በአንድ አቦርት ሁሉም ይወርዳሉ።

ካሽ (ደግሞ እንዳይሠራ የተቀመጠ ዳታ) ላይ ደግሞ ዊክማፕ ስትሪንግ ቁልፍ ስለማይቀበል ሰዎች ተራ ማፕ ውስጥ ዊክሬፍ ይከታሉ። ኦብጀክቱ ይጠረጋል፤ ቁልፉና ባዶው ዊክሬፍ ግን ተከምረው ይቀራሉ። እነሱን ለማጥፋት ፋይናላይዜሽንሬጂስትሪ አለ፤ ኦብጀክቱ ከተጠረገ በኋላ የሰጣችሁትን ፈንክሽን (ኮልባክ) ይጠራል። ኦብጀክቱን ስታስመዘግቡ ለኮልባኩ የሚደርስ ቁልፉን ብቻ ስጡት፤ ወደ ኦብጀክቱ የሚመልስ ነገር ከሰጣችሁት ኦብጀክቱ መቼም አይጠረግም። ከመሰረዛችሁ በፊትም በዚያ ቁልፍ አዲስ ኦብጀክት አለመግባቱን አረጋግጡ።

ፋይል መዝጋትን ወይም ዳታ ማስቀመጥን ለሬጂስትሪው የሚተው ሰው ግን ያናድደኛል። ኮልባኩ ዘግይቶ ሊጠራ፣ ታቡ ከተዘጋ ጨርሶ ላይጠራ ይችላል። ዊክማፕ በ2015 እ.ኤ.አ. ስታንዳርዱ ውስጥ ሲገባ ዊክሬፍና ሬጂስትሪው እስከ 2021 የዘገዩት በከንቱ አይደለም፦ ኢንጂኑ መቼ እንደሚጠርግ ለኮዳችሁ ያጋልጣሉ።

ዲሬፍን (ዊክሬፉ የሚጠቁመውን ኦብጀክት የሚመልሰውን) አንዴ ጠርታችሁ ውጤቱን ቫሪያብል ላይ ያዙ። መሀል አዌይት (ውጤት እስኪመጣ ኮዱን የሚያቆይ) ካለ ኦብጀክቱ ተጠርጎ ሁለተኛው ጥሪ አንዲፋይንድ (ባዶ) ሊመልስ ይችላል።

ዴቭቱልስ (የብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ) ተከፍቶ ኮንሶል ላይ ያተማችሁትን ኦብጀክት ኮንሶሉ ራሱ ይይዘዋል። ስናፕሾት ከማንሳታችሁ በፊት አጽዱት።