ውሃ ዳር ያሉ ሐውልቶችን ሳትቸኩሉ ለማየት

ባሕር፣ ሐይቅ ወይም ትልቅ ወንዝ ዳር ባለ ከተማ ሐውልት ማግኘት አይከብድም። ወደ ውሃው ብቻ ሂዱ፣ አንዱ ጋ መድረሳችሁ አይቀርም። የሚከብደው በደንብ አይቶ መመለስ ነው። አብዛኞቻችን ደርሰን ፎቶ እናነሳለን፣ ሰልፊ እንጨምራለን፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሩጫ ነው። ማታ ስልካችን ሃያ ሐውልት ይዟል። ስለ አንዱ ንገሩን ብንባል ግን ከስሙ ሌላ የምንለው የለንም።

እኔ ከብዙ መንከራተት በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ውሃ ዳር የቆመ ሥራ ከውሃው ተነጥሎ እንደማይታይ ነው። የሠራው ሰው ቦታውን ሲመርጥ ሞገዱን፣ ብርሃኑን፣ መርከቡንና ጨዉን አስቦ ነው፤ ወይም ደግሞ እዚያው ውሃ ላይ የሆነ ነገር ስላለ ነው። ስለዚህ ጉብኝታችሁን ስታቅዱ ውሃውንም አብራችሁ አቅዱ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ቀንሱ። በቀን ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ካርታው ላይ ነጥቡ ስለበዛ አትደናገጡ፣ ሁሉንም እዩ ያላችሁ የለም። አንድ ዝነኛ፣ አንድ ሰው የማይበዛበት፣ አንድ ደግሞ የሰው መልክ የሌለው ምረጡ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ከቻላችሁ በእግር፣ ውሃውን ይዛችሁ ሂዱት። የግድግዳ ሥዕሎችንና ካርታ ላይ የሌሉ ትንንሽ ሥራዎችን የምታገኙት እንደዚያ ስትሄዱ ነው።

መጠኑንም ቀድማችሁ እወቁ። የዴንማርክ ዋና ከተማ የኮፐንሃገኗ ሐውልት፣ ትንሿ ሜርሜይድ (ሜርሜይድ ማለት ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ የሆነች የተረት ሴት ናት)፣ ቁመቷ 1.25 ሜትር ነው። በ1913 ነው ውሃው ጠርዝ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው “ይቺ ናት እንዴ?” ብሎ ይመለሳል። ግን እኮ እሷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ያለች አንዲት ልጅ ናት። እንደ ግንብ ከሩቅ አትፈልጓት፣ ቀረብ ብላችሁ ፊቷን እዩ። ጭንቅላቷ ሁለት ጊዜ፣ በ1964 እና በ1998፣ ተቆርጦ እንደነበር ካወቃችሁ ደግሞ አንገቷን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

ቀጥሎ የውሃውን ሰዓት ጠይቁ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄንን ነው። ውቅያኖስ ዳር ባሉ አብዛኞቹ ከተሞች ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ባለፈው ሳምንት እግሩ ሳይረጥብ የሄደበት ቦታ እናንተን በዚያው ሰዓት ላያስገባችሁ ይችላል። የሙላትና የጉድለት ሰዓቱን ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ሐይቅ ዳርና አብዛኛው ሜዲትራኒያን ላይ ለውጡ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አያስጨንቅም።

ሊቨርፑል አጠገብ ክሮስቢ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። እንግሊዛዊው ቀራፂ አንቶኒ ጎርምሊ ከራሱ ገላ ቅርጽ ወስዶ ያሠራቸው 100 የብረት ሰዎች እዚያ ቆመዋል። 3 ኪሎ ሜትር ያህል ተበታትነው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል። ውሃው ሲጎድል አጠገባቸው መቆም ይቻላል። መሙላት ሲጀምር ግን መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታቸው፣ ከዚያ ጉልበታቸው፣ ወገባቸው፣ አንገታቸው እያለ ይሄድና ሩቆቹ ጭራሽ ይጠፋሉ። እዚህ አሥር ደቂቃ ቆይቶ የሄደ ሰው ያየው ብረት ነው። እኔ የምመክረው ውሃው መሙላት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ደርሶ፣ ቅርብ ያሉትን አይቶ፣ ከዚያ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ቅርብ ያሉት ገላ ላይ የተጣበቁትን ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ልብ በሉ፤ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ይነግሯችኋል። ሩቆቹ ጋ ለመድረስ ግን በፍጹም አትሞክሩ። ጭቃው እግር ይይዛል፣ ውሃውም ሳታስቡት ይከባችኋል።

የፀሐይም ነገር አለ። እኩለ ቀን ላይ ጥቁር ነሐስ በሚያብለጨልጭ ውሃ ፊት ሲቆም የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ስልካችሁም ይሸወዳል፤ ባሕሩን አይቶ ሐውልቱን ያጠቁረዋል። ስክሪኑ ላይ የሐውልቱን ፊት ንኩት፣ ይስተካከላል። ከዚያ የሚሻለው ግን ፀሐይዋ ከጀርባችሁ የምትሆንበትን ሰዓት መምረጥ ነው። ባሕሩ በምዕራብ በኩል ከሆነ ጠዋት፣ በምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ሰማዩ ቢደምን አትበሳጩ። ለነሐስ ደመና ጥሩ ነው፣ የፊቱ መስመሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ሌላው ደግሞ፣ ብዙ የወደብ ሐውልት የቆመው በመርከብ ለሚመጣ ሰው ነው። በእግር የሄደ ሰው ጀርባውን ያያል። ስለዚህ ከቻላችሁ አንዴ ከውሃው ላይ ሆናችሁ እዩ። ለቱሪስት የተዘጋጀ ጀልባ ከመፈለጋችሁ በፊት የከተማው ነዋሪ ለሥራ የሚመላለስበት ጀልባ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቁ። የኒውዮርኳ የነጻነት ሐውልት ፊቷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ መርከብ ወደሚገባበት ነው። ከማንሃታን ወደ ስታተን አይላንድ የሚሄደው የሕዝብ መርከብ ከፊቷ ያልፋል፣ ክፍያም የለውም። ስትሄዱ በቀኝ በኩል፣ ስትመለሱ በግራ ቁሙ። ደሴቷ ላይ መውረድ ለሚፈልግ ሌላ ጀልባ አለ፣ ያኛው ትኬት ይጠይቃል። ዘውዷ ድረስ እወጣለሁ የሚል ደግሞ ቀደም ብሎ ቦታ መያዝ አለበት።

እሷን ስታዩ ቀለሟ ላይ ትንሽ ቆዩ። አረንጓዴ ሆና አልተሠራችም። በ1886 ስትመረቅ ቀላ ያለ ቡናማ ነበረች፣ የአዲስ መዳብ ቀለም። ቆዳዋ 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር መዳብ ነው። አረንጓዴውን በዓመታት ውስጥ ያለበሳት አየሩና እርጥበቱ ነው። ደግሞ ያ አረንጓዴ እንደ ብረት ዝገት እየበላ አይሄድም፣ ከሥሩ ያለውን መዳብ ይጠብቃል። የተበላው ውስጧ ነበር። ቆዳዋን ከአጽሟ ጋር የሚያያይዙት የብረት ዘንጎች ከመዳቡ ጋር እየተነካኩ፣ እርጥበትም እየገባ ዛጉ፤ በ1980ዎቹ እድሳት በማይዝግ ብረት ተተኩ። እግሯ ሥር የተበጠሰ ሰንሰለት አለ። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም፣ ስለዚህ ፎቶውን ቀድማችሁ እዩትና ሂዱ። ለእኔ የሐውልቷ ትልቁ ነገር ያ ሰንሰለት ነው።

አሁን ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ወደሚኬድበት ቦታ። ቡዳፔስት ውስጥ፣ ከፓርላማው ሕንፃ ብዙ ሳትርቁ፣ የዳኑቤ ወንዝ ጠርዝ ላይ 60 ጥንድ የብረት ጫማ ተደርድሯል። በ1944 እና በ1945 አሮው ክሮስ የሚባለው የሃንጋሪ ፋሺስት ድርጅት ታጣቂዎች ሰዎችን፣ በተለይ አይሁዶችን፣ ወንዙ ዳር እያቆሙ ይተኩሱባቸው ነበር። ሬሳውን ወንዙ ይወስደዋል። ከመተኮሳቸው በፊት ጫማ ያስወልቋቸው ነበር፣ ጫማ ዋጋ ያወጣልና። ሐሳቡን ያመጣው የፊልም ባለሙያው ጃን ቶጋይ፣ ጫማዎቹን የሠራው ቀራፂው ጁላ ፓወር ነው። የተመረቀው በ2005 ነው።

እዚህ ቦታ ቆማችሁ አትዩ። ቁጭ በሉ ወይም በርከክ በሉ። ያኔ የወንዱ የሥራ ጫማ፣ የሴቷ ባለተረከዝ፣ የሕፃኑ ትንሽዬ ጫማ ይለያያሉ። ቆዳው የተጨማደደበት፣ ማሰሪያው የላላበት ቦታ ይታያል። ውስጣቸው ሰው የተወው አበባ፣ ሻማ፣ ጠጠር አለ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ጫማዎቹ ወደዞሩበት፣ ወደ ውሃው ተመልከቱ። እግር ከትቶ ፎቶ መነሳት፣ መሀላቸው እየዘለሉ ቪዲዮ መቅረጽ ነውር ነው። አበባውንም አታንሱ፣ አታስተካክሉ። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ታሪኩን ከመድረሳችሁ በፊት ንገሯቸው፣ እዚያ ቆሞ ማስረዳት ከባድ ነው። ጠርዙ ላይ መከለያ ስለሌለም እጃቸውን ያዙ።

የመግለጫ ሰሌዳውን መቼ ማንበብ እንዳለባችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከማየታችሁ በኋላ እላለሁ። ቀድሞ ያነበበ ሰው የተጻፈለትን ብቻ ፈልጎ ያገኛል። መጀመሪያ አንዴ ዙሩት፣ ምን ይመስላል፣ ወዴት ያያል፣ ከምን ተሠራ በሉ፣ ግምታችሁን ያዙ። ከዚያ አንብቡ። በአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ባሕሩ ዳር ከማይዝግ ብረት የተሠራ የጀልባ አጽም የሚመስል ሥራ አለ፤ የፀሐይ ተጓዥ ይባላል። ያየው ሁሉ የቫይኪንግ፣ የጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕርተኞች፣ መርከብ ነው ይላል። ቀራፂው ዮን ጉናር አርናሶን ግን ያሰበው ወደ ፀሐይ የሚጓዝ የሕልም ጀልባ ነበር። ሁለቱን ግምቶች ይዛችሁ እንደገና ስታዩት ሌላ ነገር ይሆናል።

ሰሌዳው ላይ ደግሞ ሁለት ዓመት ፈልጉ፦ ሰውየው የኖረበትንና ሐውልቱ የቆመበትን። በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ ይናገራል። የእንግሊዟ ወደብ ከተማ የብሪስቶል ነጋዴ ኤድዋርድ ኮልስተን በባሪያ ንግድ የከበረ ሰው ነው፤ የሞተው በ1721 ነው። ሐውልቱ የቆመለት ግን በ1895፣ ከ174 ዓመት በኋላ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የ1895ቱ ሰዎች ለምን ፈለጉት የሚለው ነው። ሰኔ 2020 ሰልፈኞች ገንድሰው እየጎተቱ ወስደው ወደቡ ውስጥ ወረወሩት። የከተማው አስተዳደር ከቀናት በኋላ አወጣው። ዛሬ እዚያው ወደብ ዳር ኤም ሼድ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ፣ የተረጨበት ቀለም ሳይጠፋ ይገኛል። የሊዝበኑ የባሕር አሳሾች ሐውልትም እንደዚያው ነው። 52 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በመርከብ አፍንጫ ቅርጽ የተሠራ፣ ወደ ቴዦ ወንዝ ያዘነበለ ግንብ ነው። የሚያወሳው የ15ኛውንና የ16ኛውን መቶ ዘመን መርከበኞች ቢሆንም የቆመው በ1960፣ በሳላዛር አምባገነን አገዛዝ ጊዜ፣ ፖርቱጋል አፍሪካ ውስጥ ገና ቅኝ ግዛት እያላት ነው። ይህን አውቃችሁ ስታዩት መርከቡ ላይ ከተቀረጹት ሰዎች መሀል ማን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሌለም ታያላችሁ።

የምታዩት ራሱ ዋናው ይሁን ቅጂ ጠይቁ። ቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከፍ ብለው የቆሙት አራት የነሐስ ፈረሶች ቅጂ ናቸው። ዋናዎቹ ከአየሩ እንዲጠበቁ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ደጅ አይታችሁ ከተመለሳችሁ ዋናዎቹን አላያችኋቸውም፣ ግቡ።

መንካት? አይሆንም ተብሎ ከተጻፈ አይሆንም፣ በቃ። ካልተጻፈም ቢሆን ነሐሱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካብረቀረቀ ሺህ እጅ ያሸው ነው፣ መከላከያ ሽፋኑ እዚያ ጋ አልቋል ማለት ነው። እብነ በረድ ከሆነ ደግሞ የባሕር ጨው ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እያበጠ ፊቱን ይልጠዋል፤ የፈረፈረ ነገር ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

አለባበስ ላይ ብዙ አልልም። ውሃ ዳር ንፋስ አለ፣ ጃኬት ያዙ። ውሃው የሚደርስባቸው ደረጃዎች አረንጓዴ ከሆኑ ያንሸራትታሉ፣ አትርገጧቸው። ፎቶውን ለራሳችሁ ካነሳችሁ በአብዛኛው ቦታ ችግር የለውም፤ ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ ከሆነ ግን አንዳንድ አገሮች የቀራፂውን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

የመጨረሻውን ቦታ ለማታ አቆዩት፤ ከተቻለ ደግሞ የሚሰማ ይሁን። ክሮኤሺያ ውስጥ ዛዳር የምትባል የባሕር ከተማ አለች። አርክቴክቱ ኒኮላ ባሺች በ2005 ባሕሩ ዳር ወደ ውሃው የሚወርዱ ደረጃዎች ሠርቶ ከሥራቸው 35 ቱቦዎች ቀበረ። ማዕበሉ አየሩን እየገፋ ያስገባዋል፣ ቱቦዎቹ ያዜማሉ፣ ድምፁም ከላይ በንጣፉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ሂዱና ደረጃው ላይ ቦታ ያዙ። ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ባሕሩ ጸጥ ካለ ድምፁ እየቆየ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ታገሱ። መርከብ ሲያልፍ ካያችሁ አትነሱ፤ ማዕበሉ ዳር እስኪደርስ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ቱቦዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ይጀምራሉ።