ጀርባውን ለጣና የሰጠ ፓኔል፦ በባሕር ዳር ጣሪያ ላይ ሶላር ለማስተከል

ባሕር ዳር ውስጥ ሶላር ለማስተከል ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሐይቁ በኩል ባለው ገላጣ ሰማይ ላይ ነው። እኔም ዛፍም ፎቅም የማይጋርደው ያ ወገን ስለሆነ ፓኔሎቹን በዚያው ለመደርደር አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ ጣና ከከተማችን በስተሰሜን ነው፤ ከተማዋም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ብሩህ ወራት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን ብትዞርም ያን ጊዜ ሰማዩ ደመና ይለብሳል። ስለዚህ ፓኔሉ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ወደ ደቡብ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ እንዲህ ሲሆን ዝናቡም አቧራውን አጥቦት ይወርዳል።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎ በቀን የሚፈጀውን ኃይል ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በእኛ ቤት ፍሪጁ 1000 ዋት ሰዓት፣ ባለ 9 ዋት 8 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 360፣ ቴሌቪዥኑ 400፣ ዋይፋዩና ስልኮቹ 240፣ በድምሩ 2000 ዋት ሰዓት ሆነ። ፓኔሉ በቀን 5 ሰዓት ያህል በሙሉ አቅሙ ይሠራል ብለን፣ በሙቀት፣ በሽቦና በባትሪ የሚባክነውን 30 በመቶ ስንቀንስ 570 ዋት ገደማ ይበቃ ነበር፤ ክረምቱን አስበን ግን እጥፍ አድርገን ባለ 400 ዋት 3 ፓኔሎች ገዛን። ለሌሊቱ ባለ 25.6 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ መረጥን። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ከዚህ ሒሳብ ያውጡት።

በጣሪያዎ ላይ የሚያርፈውን ጥላ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት እየወጡ ይመልከቱ። የአንድ የማንጎ ቅርንጫፍ ጥላ የሚያርፈው በፓኔሉ ጥግ ላይ ብቻ ቢሆንም፣ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የሚያስቀረው ኃይል ከጥላው ስፋት እጅግ ይበልጣል።

አብዝቼ የማሳስበው ቆርቆሮው የሚበሳበትን ቦታ ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ ብሎኖቹን ያሠረው ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ የሳሎናችን ኮርኒስ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቡናማ ክብ ወጣ፤ በሳምንቱም ትሪ አከለ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አናጺ ወጥተው አዩና «ልጄ፣ ቆርቆሮ የሚበሳው ውሃ ከማይሄድበት ከጉብታው ላይ ነው» አሉኝ። እያንዳንዱ ብሎን በጉብታው በኩል ገብቶ ከሥሩ ያለውን ሞራሌ መንከስ ይኖርበታል፤ ከራሱ ሥርም የጎማ ቀለበት ይደረግለታል፤ ጎማው እስኪጨፈለቅ ድረስ ግን አይጥበቅ። የባሕር ዛፉን ማገር አስቀድመው በመዶሻ እየመቱ ያዳምጡት፤ ምስጥ የበላው እንጨት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ፓኔል በጋለ ቁጥር ምርቱ ስለሚቀንስ ከሥሩ ነፋስ ሊያገኝ ይገባል።

የኤሌክትሪኩን ሥራ ለሠለጠነ ሰው ይስጡ። በተከታታይ የተያያዙ ሦስት ፓኔሎች ከ100 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ፍሰት (ዲሲ) ያመነጫሉ፤ ፀሐይ እስካለች ድረስም ፓኔሉን ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ በፓኔሉና ይህን ፍሰት ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር መካከል ለቀጥተኛ ፍሰት የተሠራ ብሬከር ይግባ፤ የተለመደው የቤት ብሬከር ሲቋረጥ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ላያጠፋው ይችላል። የሐይቁ ዳርቻ መብረቅ ስለሚበዛበት የፓኔሉን ብረት በወፍራም የመዳብ ሽቦ እርጥብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ያገናኙት። ሲስተሙ ከመንግሥት መብራት ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ወደ ውጭው መስመር ኃይል እንደማይመልስ ቆጣሪውን አጥፍተው በዓይንዎ ፊት እንዲያሳይዎ ባለሙያውን ይጠይቁት፤ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በዚያ ኃይል ሊሞት ይችላል።

ኢንቨርተሩና ባትሪው ከኮርኒስ በላይ ወይም ማድ ቤት ሳይሆን፣ ነፋስ በሚያገኝና ፀሐይ በማያርፍበት ግድግዳ ላይ ከወለሉ ከፍ ብለው ይቀመጡ። በበጋ የመንገዱ አቧራና የሐይቁ ወፎች ኩስ መስተዋቱ ላይ ስለሚደርቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መስተዋቱ ሳይግል በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሲወርዱም ብሎኖቹን አንድ በአንድ በእጅዎ እየነካኩ ይፈትሹ።