ዲንሾ፣ ዳንካ ወንዝ፦ በታኅሣሥ ብርድ ትራውት ዓሣ ማጥመድ

ባሌ ላይ ታኅሣሥ ሲገባ ዳንካ ወንዝ ብዙ ቦታ ከጉልበት አያልፍም፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የትራውቱ ዘር ከኬንያ የመጣ ነው፤ ጥርጣሬው ግን ያገር ልጅ ያስመስለዋል። የመጀመሪያ ቀን ነጭ ጋቢ ለብሼ ዳር ላይ ቆሜ፣ ጠዋቱን ሙሉ የሚሸሽ ጅራት ብቻ ሳይ ዋልኩ።

ማልደህ አትሂድ። ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ውሃው እስኪሞቅ ዓሣው ጥልቁ ውስጥ ተኝቶ አፉን አይከፍትም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ይበቃል።

ትራውት ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው ቅረበው። ፀሐይዋ ከጀርባህ ከሆነች ግን ጥላህ ይቀድምሃል። የመጨረሻዎቹን አሥር እርምጃዎች ተንበርክከህ ሂድ፤ የዳሩን ድምድምታ ይሰማዋል።

ክሩ 0.12 ሚሊ ሜትር፣ መንጠቆው ትንሹ፣ ቁጥር 16 ወይም 18፣ ቡናማ ሰው ሠራሽ ዝንብ ያሰርክበት። ዝንቡ ከዓሣው አንድ ሜትር ያህል ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ይውደቅ፤ ውሃው ራሱ ያምጣለት። ከሳትክ ወዲያው አትወርውር። እኔ ፔርሙዜን ከፍቼ አንድ ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፤ እስክጨርስ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቆማል።