የላንድሳትንና የሴንቲኔልን ምስል አንድ ላይ ከማስኬዳችሁ በፊት

ከተለያዩ ሳተላይቶች የመጣ ምስል ደርድራችሁ የአንድ ቦታን ለውጥ ልትከታተሉ ከሆነ ይሄን አንብቡ። ብዙ ሰው ሁለቱን ፋይል ከፍቶ ካርታው ላይ ልክክ ብለው ሲያያቸው በቃ ገጠመ ብሎ ቀጥታ ወደ ስሌት ይገባል፣ ቦታው ቢገጥምም ቁጥሩ ግን ላይገጥም ይችላል። የተለመደውን ጥንድ፣ ላንድሳት 8 እና 9ን ከሴንቲኔል 2 ጋር ይዤ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ሁለቱንም የገጽ ሪፍሌክታንስ (መሬቱ ካረፈበት ብርሃን የሚያንጸባርቀው ድርሻ) የሚባለውን፣ የአየሩ ተጽዕኖ የተነሳለትን ዳታ አውርዱ። አንዱ የተስተካከለ ሌላው ያልተስተካከለ ከሆነ ከዚህ በኋላ የምትሰሩት ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ቀጥሎ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ወደ ሪፍሌክታንስ ቀይሩ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ላንድሳት ኮሌክሽን 2 (የላንድሳት ዳታ ስሪት) ላይ ቁጥሩን በ0.0000275 ታባዙና 0.2 ትቀንሳላችሁ። ሴንቲኔል 2 ላይ ድሮ ለ10000 ማካፈል ብቻ ይበቃ ነበር፣ ከጃንዋሪ 25፣ 2022 ጀምሮ ግን በመጣው ፕሮሰሲንግ ቤዝላይን 04.00 (ዳታው የሚዘጋጅበት ስሪት) ምክንያት እያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1000 ተጨምሮበታል፣ ስለዚህ ከማካፈላችሁ በፊት 1000 ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ምን ይሆናል? ቀዩ ባንድ (ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለየብቻ የሚለካው የብርሃን ክልል ነው) 0.04፣ ኢንፍራሬዱ 0.30 የሆነ ለምለም ማሳ ኤንዲቪአዩ፣ ማለትም ከሁለቱ የሚሰላው የልምላሜ መለኪያ፣ 0.76 አካባቢ ነው። ያቺ 1000 ስትረሳ 0.14 እና 0.40 ይሆንና ኤንዲቪአይ ወደ 0.48 ይወርዳል። ሰብሉ ምንም ሳይሆን ግራፋችሁ ላይ ድርቅ ገባ ማለት ነው! ደሞ በምስሉ ቀን ብቻ አትመኑ፣ የድሮ ምስሎችም በአዲሱ ቤዝላይን እንደገና ተሰርተዋል፣ አንዳንድ ዳታ አቅራቢዎችም ቀድመው ቀንሰውት ነው የሚሰጧችሁ፣ እና ሁለቴ መቀነስም አለ። ሜታዳታው (ከምስሉ ጋር የሚመጣው መግለጫ) ላይ የቤዝላይኑን ቁጥር እያያችሁ ሂዱ፣ ውጤታችሁ ላይም መዝግባችሁ አስቀምጡት።

ባንድ ስትመርጡ በስሙ አትሂዱ። የላንድሳት ባንድ 5 ኢንፍራሬድ ጠባብ ነው፣ የሚመስለው የሴንቲኔል ባንድ 8ኤ እንጂ ሰፊው ባንድ 8 አይደለም። 8 ባለ 10 ሜትር ስለሆነ ያጓጓል፣ 8ኤ 20 ሜትር ነው፣ ግን ከላንድሳት ጋር ልታነፃፅሩ ከሆነ 8ኤን ያዙ።

ከዛ ፒክስሉ። ሁሌም ደቃቁን ወደ ሻካራው አምጡት፣ ባለ 10 ሜትሩን የዘጠኝ ዘጠኙን አማካይ ወስዳችሁ 30 ሜትር ማድረግ ነው፣ 30ውን ወደ 10 መቆራረስ አዲስ መረጃ አይሰጥም። ልብ የማይባለው ነገር የሁለቱ ግሪድ (ፒክስሎቹ የተደረደሩበት መረብ) በግማሽ ፒክስል፣ በ15 ሜትር፣ የተዛነፈ መሆኑ ነው፣ ሪሳምፕል ስታደርጉ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ሌላ ፒክስል ስትቀይሩ፣ አንዱን ግሪድ መርጣችሁ ሌላውን እሱ ላይ አስተካክሉ። ከምድር ወገብ በታች የምትሰሩ ደግሞ ላንድሳት እዛም በሰሜን ዩቲኤም ዞን (ዩቲኤም ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት ነው) ኔጌቲቭ የቦታ ቁጥር ይዞ እንደሚመጣ አትርሱ።

ደመና ላይ ብዙ አልቆይም፣ ለሁለቱም አንድ አይነት ማስክ (ደመናማ ፒክስሎችን ለይቶ የሚያስወጣ ሽፋን) ተጠቀሙ፣ የደመናውን ጥላም አውጡ።

ይሄን ሁሉ ራሴ አልሰራም ካላችሁ ናሳ ኤችኤልኤስ የሚባል ሁለቱን አስማምቶ፣ የእይታ አንግሉንም አስተካክሎ፣ በ30 ሜትር የሚያወጣው ዳታ አለ። እኔ ለአብዛኛው ስራ ከሱ ጀምሩ ነው የምለው። ራዳር ግን ሌላ ነገር ነው፣ የራዳር ሳተላይት የሆነውን ሴንቲኔል 1ን እዚህ ስሌት ውስጥ አታስገቡት፣ ጎን ለጎን ነው የሚነበበው።

ስትጨርሱ ፈትሹ። ውሃም አሸዋም ደንም ያለበት ቦታ ላይ ሁለቱ ሳተላይቶች በአንድ ቀን ያለፉበትን ምስል ፈልጉና የአንዱን ቁጥር በአግድም የሌላውን በቁም አድርጋችሁ ነጥቦቹን አውጡ፣ አንድ ለአንድ መስመሩ ላይ መተኛት አለባቸው። የውሃው ዳርና የደኑ ጠርዝ ብቻ ከተበታተነ ግሪዱን ተመለሱበት። ሴንቲኔሉ በሁሉም ቦታ እኩል በ0.1 ከፍ ካለ ግን ያቺ 1000 አልተቀነሰችም።