የወፍና የአይጥ ቅንቅን ቤት ሲገባ ምን እናድርግ?

ማታ ማታ ሰውነታችሁን ካሳከካችሁ፣ ፍራሹን ገልብጣችሁም ትኋን ካጣችሁ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። ወፍ ጎጆ ሰርታበት ወይ አይጥ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቅንቅን ወይ ማይት የሚባለው ደቃቅ ተባይ የነሱን ደም እየመጠጠ ነው የሚኖረው፣ ጫጩቶቹ በረው ሲሄዱ ወይ አይጡ ሲሞት ግን የሚመጠው ያጣና በስንጥቁም በአምፖል ቀዳዳውም አድርጎ ወደ ሰው ይመጣል።

መኖሩን ለማወቅ በሁለት በኩል የሚያጣብቅ ነጭ ስኮች ቴፕ አልጋው ጠርዝ፣ መስኮቱ ዙሪያና ስንጥቁ ላይ ለጥፉና ጠዋት በማጉያ መነጽር እዩት። 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ ሳይመጥ ነጣ ያለ ነው፣ ከመጠጠ በኋላ ቀይ ወይ ጥቁር ይሆናል፣ ያደገው 8 እግር አለው።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው! ብዙ ሰው መጀመሪያ ለአይጡ መርዝ ያስቀምጣል፣ አይጡ ግድግዳ ውስጥ ይሞትና ቅንቅኑ በሙሉ ሰው ላይ ይወርዳል። እባካችሁ ወጥመድ ተጠቀሙ፣ በየቀኑ እዩት፣ የሞተውን ወዲያው በጓንት አንስታችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጣሉ። የወፍ ጎጆ ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ጠብቁ (ብዙ አገር እንቁላል ወይ ጫጩት ያለበትን ጎጆ ማፍረስ በህግ ክልክል ነው)፣ ከዛ ማስክና ጓንት አድርጋችሁ አንሱት፣ በዛው ቀን ቦታውንና ስንጥቁን ለቤት ውስጥ የተፈቀደ የተባይ ዱቄት ንፉበት። ቀዳዳውንም ድፈኑ፣ ትንሿ አይጥ 6 ሚሊሜትር በምታክል ክፍተት ትገባለች።

ከዛ ቤቱን በቫክዩም ጥረጉ፣ ከረጢቱን አስራችሁ ውጪ ጣሉት፣ አንሶላውን በ60 ዲግሪ እጠቡ። ክፍሉን ዘግቶ መጠበቅ አይሰራም፣ ለምሳሌ ከወፍ ቅንቅኖች አንዱ የሆነው የዶሮ ቀዩ ቅንቅን ደም ሳያገኝ ለወራት ይቆያል።

ቆዳችሁን በተመለከተ፣ ይሄ እንደ እከክ ቆዳ ውስጥ አይቆፍርም፣ ስለዚህ የእከክ መድሃኒት ደጋግሞ መቀባት ቆዳን ማቃጠል ብቻ ነው፣ የተባይ መርዝማ ጭራሽ ሰውነት ላይ እንዳታደርጉ። ለማሳከኩ ቀዝቃዛ ጨርቅና የማሳከክ ክሬም ይበቃል። ግን ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ወጥቶ ትኩሳትና ሽፍታ ከተከተለው ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አይጥ እንዳለም ንገሩት። የአይጥ ቅንቅን የሚያስተላልፈው ሪኬትሲያልፖክስ የሚባል በሽታ አለ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ነው የታወቀው፣ ዶክሲሳይክሊን በሚባል አንቲባዮቲክ ይድናል።

ቤት ውስጥ ሃምስተር (አይጥ መሳይ የቤት እንስሳ) ወይ የኬጅ ወፍ ካላችሁም ኬጁን ፈትሹ፣ ምንጩ እሱ ሊሆን ይችላል።