ያገለገለ ሚኒባስ ስትገዙ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ

ጅማ ውስጥ ያገለገለ ሚኒባስ ልትገዙ ከሆነ ደላላውን «ሞተሩን ሳታስነሳው ጠብቀኝ» በሉት። በጠዋት ሄዳችሁ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡ። የደከመ የናፍጣ ሞተር ከሞቀ በኋላ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ካላቆመ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝልና የናፍጣ ፓምፑን አስፈትሹ።

በጀታችሁ ጠበብ ካለ እኔ የምመርጥላችሁ ባለ 3ኤል ሞተሩን የድሮ ሃይስ ነው። 2.8 ሊትር ነው፤ ቱርቦ የለውም፤ ፓምፑም ሜካኒካል ነው። አቀበት ላይ ቀስ ይላል፣ ግን ጥገናው አያስጨንቅም። ከእሱ በኋላ የመጣው የሃይስ ሞተር፣ 2ኬዲ፣ ጉልበት አለው፤ ኢንጄክተሮቹ ከተበላሹ ግን ወጪው ከባድ ነው።

ከዚያ ሰው ጭናችሁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጡ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ተዉት፤ የጊቤን አቀበት አይችለውም።

አዲስ ቀለም አያማልላችሁ። የእኛ አገር ዝናብና ጭቃ ሻንሲ ይበላል፤ ጎንበስ ብላችሁ ዝገትና ብየዳ ፈልጉ። ክብደት የሚሸከመውን ባሌስትራም እዩ፣ ቡና ሲጭን የኖረ ሊሆን ይችላል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም አጣሩ።